እርሾውን ለዓለም ያካፈሉት ሊቅ፤ የፕሮፌሰር ሴሳር ሚልስታይን የሕይወት ታሪክ

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት እርስዎ ራስዎ፣ ወይም እናትዎ፣ ወይም ጎረቤትዎ ሆስፒታል ገብተው በክንድ ደም ሥር ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ያውቅ ይሆናል። በከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ስም ልብ ብለው ቢመለከቱት መጨረሻው ብዙ ጊዜ «ማብ» የሚል ነው፤ ሪቱክሲማብ፣ ትራስቱዙማብ፣ ኢንፍሊክሲማብ እያለ ይቀጥላል። ይህች አጭር ድምፅ እንዲያው ለማሳመር የተጨመረች አይደለችም። መድኃኒቱ በቤተ ሙከራ የተሠራ አንቲቦዲ መሆኑን የምታመለክት የቤተሰብ ስም ናት። ዛሬ የዚህን ቤተሰብ አባት ታሪክ ላጫውትዎ ነው። ሰውየው እንደ እኛው የመጤ ቤተሰብ ልጅ፣ እንደ እኛው አይሁዳዊ፣ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን በእስራኤል ኪቡጽ ላባቸውን ያፈሰሱ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጤ ልጅ

ሴሳር ሚልስታይን የተወለዱት በኦክቶበር 8 ቀን 1927 በደቡብ አሜሪካ፣ በአርጀንቲና፣ ባሂያ ብላንካ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። አባታቸው ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዳዊ ስደተኛ ሲሆኑ፣ ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው በማያውቁት አገር ራሳቸውን ችለው ለመኖር ተገድደው ነበር። እናታቸውም የድሃ ስደተኞች ልጅ ነበሩ፤ ተምረው አስተማሪ ሆኑ። ሦስት ወንዶች ልጆች ወለዱ፤ ሴሳር መካከለኛው ናቸው።

እነዚህ ወላጆች ሀብት አልነበራቸውም። አንድ ነገር ግን ወስነው ነበር፤ ምንም ዓይነት መሥዋዕትነት ቢጠይቅ ሦስቱም ልጆች ዩኒቨርሲቲ መግባት አለባቸው። እርስዎም በልጅዎ የትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ቋንቋው እየከበደዎት እንኳ ከመቀመጫዎ ያልተነሡ ከሆነ፣ የእነዚህን ወላጆች ልብ ያውቁታል ማለት ነው።

ሴሳር ወደ ቦነስ አይረስ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ኬሚስትሪ ተማሩ። እዚህ ላይ ለወጣቶቻችን አንድ ነገር ልናገር። እኚህ በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኙ ሰው በተማሪነታቸው ጊዜ እጅግ የላቁ የሚባሉ አልነበሩም። ይህንንም ራሳቸው አልደበቁም። ብዙውን ጊዜያቸውን የሚወስደው የተማሪዎች ማኅበርና የተማሪዎች ፖለቲካ ነበር። ከባለቤታቸው ከሴሊያ ጋር የተዋወቁትም በዚያው ነው። እንግዲህ ውጤቱ መካከለኛ የሆነ ልጅ ቢኖርዎት ተስፋ አይቁረጡበት።

ኪቡጽ ውስጥ ያለፉ ወራት

ሴሳርና ሴሊያ ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲጋቡ ሥራ ለመያዝ አልቸኮሉም። አንድ ሙሉ ዓመት ወስደው፣ በኪሳቸው ብዙ ገንዘብ ሳይኖር፣ በየመንገዱ የሚያልፈውን መኪና እየለመኑ አብዛኞቹን የአውሮፓ አገሮች ዞሩ። በዚያ ጉዞ መካከል ወደ እስራኤል መጥተው ለሁለት ወር ያህል በኪቡጽ ሠርተዋል። ያ ዘመን የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አገሪቱ ገና በድንኳንና በማዕባራ ያሉ ስደተኞችን የምታስተናግድበት ጊዜ ነበር።

ወደ አርጀንቲና ተመልሰው የዶክተርነት ጥናታቸውን ሲጀምሩም ኑሮ ቀላል አልነበረም። ለምርምር የሚሰጥ ገንዘብ ስላልነበረ ግማሹን ቀን በሕክምና ላቦራቶሪ እየሠሩ ይኖሩ ነበር። በ1957 ማዕረጉን አገኙ። ከዚያም የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝተው ወደ እንግሊዝ አገር፣ ወደ ካምብሪጅ ሄዱ። በዚያም ከታላቁ የፕሮቲን ሊቅ ከፍሬድሪክ ሳንገር ጋር ሠሩ፤ በ1960ም ሁለተኛ የዶክተርነት ማዕረግ ጨመሩ።

በ1961 ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቦነስ አይረስ በሚገኘው ብሔራዊ የማይክሮባዮሎጂ ኢንስቲትዩት አዲስ የተቋቋመ ክፍል እንዲመሩ ተሾሙ። ነገር ግን በ1962 የጦር መኮንኖች መንግሥት ገለበጡ። የተማሩና ለዘብ ያለ አመለካከት ያላቸው ሰዎች ይሳደዱ ጀመር። የኢንስቲትዩቱ ዲሬክተርም የበቀል ሰለባ ሆኑ። ሚልስታይን ባልደረቦቻቸው ሲባረሩ እያዩ ዝም ብለው መቀመጥ አልቻሉም፤ ሥራቸውን ለቀው በ1963 ወደ ካምብሪጅ ተመለሱ። አባት በልጅነታቸው ተሰደው ያቋቋሙትን ቤት ልጁ በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ጥለው ወጡ። ካምብሪጅ በሚገኘው የሞለኪውላር ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ገብተው፣ በሳንገር ምክር፣ ፊታቸውን ወደ አንቲቦዲ ጥናት አዞሩ።

አንቲቦዲ ምንድን ነው?

ታሪኩን ከመቀጠላችን በፊት ነገሩን በቀላል ቋንቋ እንረዳው። በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ወደ ሰውነታችን ሲገቡ፣ በደማችን ውስጥ ያሉ ጠባቂ ሕዋሳት አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ይሠራሉ። አንቲቦዲ እንደ ቁልፍ ነው። አንድ ቁልፍ አንድን መዝጊያ ብቻ እንደሚከፍት ሁሉ፣ አንድ አንቲቦዲም አንድን ነገር ብቻ ለይቶ ይይዛል። የኩፍኝ አንቲቦዲ ፖሊዮን አይነካም። አንድ ጠባቂ ሕዋስ ደግሞ አንድ ዓይነት ቁልፍ ብቻ ነው የሚሠራው። ሰውነታችን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልዩ ልዩ ቁልፍ ሠሪዎች አሉት ማለት ነው።

ክትባትና አንቲቦዲ አንድ አይደሉም። ክትባት ማለት ሰውነትን እንጀራ መጋገር እንደ ማስተማር ነው፤ ሙያው ለብዙ ጊዜ ይቆያል። አንቲቦዲ መስጠት ግን የተጋገረ እንጀራ ይዞ እንደ መምጣት ነው፤ ለዛሬው ረኃብ ይደርሳል፣ ከጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ ግን ያልቃል።

የተዘጋጀ አንቲቦዲ መስጠት የቆየ ሕክምና ነው። በ1890 በርሊን ላይ ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ ሺባሳቡሮ፣ ዘጊ አናዳንና መንጋጋ ቆልፍን የተቋቋመ እንስሳ ደም ሌላውን እንስሳ እንደሚያድን አሳዩ። ከዚያ በኋላ ከፈረስ ደም የሚወጣ ሴረም የብዙ ሕፃናትን ሕይወት አዳነ። የእባብ መርዝ ማርከሻም እስከ ዛሬ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ እንዲሁ ከፈረስ ይሠራል። ችግሩ ግን ሴረሙ እንደ ሰርገኛ ጤፍ ነው፤ የሚፈለገው ከማይፈለገው ተቀላቅሏል። አንዱ ፈረስ የሚሰጠው ከሌላው ፈረስ ጋር አይመሳሰልም፤ ፈረሱም ሲሞት ያ ሴረም አብሮ ያልቃል። ሊቃውንቱ የተመኙት ከአንድ ፍሬ የተገኘ፣ ምንም ያልተደባለቀበት፣ የማያልቅ ማኛ ነበር።

የሁለት ሕዋሳት ጋብቻ

በ1974 ጊዮርግስ ኮህለር የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ከስዊዘርላንድ ባዝል ወደ ሚልስታይን ቤተ ሙከራ መጣ። ዕድሜው ሃያ ስምንት ነበር። አይሁዳዊው ፕሮፌሰርና ከጦርነቱ በኋላ የተወለደው ጀርመናዊ ወጣት አብረው አንድ ችግር ይፈቱ ጀመር።

ችግሩ ይህ ነው። ቁልፍ የሚሠራው ጤነኛ ሕዋስ ከሰውነት ወጥቶ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። በሌላ በኩል ማየሎማ የሚባል የካንሰር ዓይነት አለ፤ እሱም ራሱ የቁልፍ ሠሪ ሕዋሳት ካንሰር ነው። የካንሰሩ ሕዋስ በብርጭቆ ውስጥ ያለማቋረጥ እየተባዛ ይኖራል፤ የሚሠራው ቁልፍ ግን ለየትኛው መዝጊያ እንደሆነ አይታወቅም። አንዱ ሙያ አለው፣ ዕድሜ የለውም፤ ሌላው ዕድሜ አለው፣ የሚጠቅም ሙያ የለውም። ታዲያ ሁለቱን ቢያጋቧቸውስ?

አደራረጉ እንዲህ ነበር። በመጀመሪያ በአይጥ ሰውነት ውስጥ የበግ ቀይ የደም ሕዋስ በመርፌ አስገቡ፤ የአይጧም ሰውነት በበጉ ደም ላይ አንቲቦዲ መሥራት ጀመረ። ቀጥሎ ቁልፍ ሠሪዎቹ በብዛት የሚገኙበትን የአይጧን ጣፊያ አውጥተው ሕዋሳቱን ለያዩ። ከዚያም ከማየሎማ ሕዋሳት ጋር ቀላቅለው፣ ኃይሉ በተገደለ ቫይረስ አማካይነት አጣበቋቸው። ከብዙ ሺህ ሕዋሳት መካከል የሚጋቡት ጥቂት ናቸው። ስለዚህ እንክርዳዱን ከስንዴው መልቀም ያስፈልጋል። ለዚህም ያልተጋባው የካንሰር ሕዋስ ሊኖርበት የማይችል ምግብ አዘጋጁ። ያልተጋባው የጣፊያ ሕዋስ ደግሞ በራሱ ጊዜ ይሞታል። በሕይወት የሚቀሩት የተጋቡት ብቻ ናቸው። በመጨረሻ የሚፈለገውን ቁልፍ የሚሠራውን አንዱን ሕዋስ ለይተው ለብቻው ያራቡታል። ልጆቹ ሁሉ ያንኑ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ይሠራሉ።

መልሱ የታወቀው በአንድ ምሽት ነው። ኮህለር ጊዜው እንዳይረዝምበት ባለቤቱን አስከትሎ መስኮት ወደሌለው የምድር ቤት ክፍል ወረደ። በሳሕኖቹ ላይ የበግ ደም ተነጥፎ ነበር። የተጋቡት ሕዋሳት የሚፈለገውን አንቲቦዲ የሚሠሩ ከሆነ በዙሪያቸው ያለው ደም ጠፍቶ ጥርት ያለ ቀለበት መታየት አለበት። ቀለበቶቹ ታዩ። ያውም በብዛት። ሥራቸው ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት በኦገስት 7 ቀን 1975 ወጣ፤ ርዝመቱ ከጥቂት ገጾች አይበልጥም።

እዚህ ላይ ልብ ይበሉ። ሁለቱ ሰዎች መድኃኒት ለመሥራት አልተነሡም ነበር። ማወቅ የፈለጉት ሰውነታችን ይህን ያህል ልዩ ልዩ አንቲቦዲ እንዴት ሊሠራ እንደሚችል ነበር። የማወቅ ጉጉት በቀደደው መንገድ ሕክምናው ተከትሎ ገባ።

ያልተሸጠው እርሾ

አሁን ወደ ታሪኩ ልብ ደርሰናል። ያች የተጋባች ሕዋስ እንደ እርሾ ናት። ጥቂቷን ወስደው በሌላ ዕቃ ቢያኖሯት ትበዛለች፤ ለጎረቤት ቢሰጧት ከቤት አትጎድልም። ሚልስታይንም እናቶቻችን በእርሾ እንደሚያደርጉት አደረጉ። ከየአገሩ ለጻፉላቸው ተመራማሪዎች ሕዋሳቱን ይልኩ፣ አሠራሩንም ያስረዱ ነበር።

በሌላ በኩል ጥቅሙን በሕግ የማስጠበቅ ጉዳይ ነበረ። ሥራው በመጽሔት ከመውጣቱ በፊት ሚልስታይን ለሚቀጥራቸው የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት አሳውቀዋል። ምክር ቤቱም ፓተንት ለማውጣት ኃላፊነት ወዳለበት የመንግሥት ድርጅት መራው። መልሱ የመጣው በ1976 ነው፤ ይዘቱም ከዚህ ሥራ በቅርቡ የሚገኝ ተግባራዊ ጥቅም አልታየንም የሚል ነበር። እስከዚያ ድረስ ጽሑፉ ታትሞ ስለነበረ ነገሩ አበቃ። በ1979 ግን በአሜሪካ ፊላደልፊያ ያሉ ተመራማሪዎች፣ ከሚልስታይን ቤተ ሙከራ የተላከላቸውን ሕዋስ ተጠቅመው በሠሩት አንቲቦዲ ላይ ፓተንት አወጡ። እንግሊዝ አገር ትልቅ ጉርምርምታ ተነሣ። ከዚህ ዘዴ በኋላ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሲገኝ፣ ለዘዴው መሠረት የሆነው ቤተ ሙከራ እጁን አጣጥፎ ማየቱ ብዙዎችን አስቆጨ።

ይህን እንዴት እንፈርደው? አንዳንዱ ሞኝነት ነው ይላል። እኔ ግን ሌላውን ጎን ላሳይዎ። እርሾው በየቤቱ ባይዳረስ ኖሮ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ቤተ ሙከራዎች ዘዴውን ባልተማሩት ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን እዚህ በትክክል ሠርቷል። ያም ሆኖ ድሩን የፈተለው ሰው ድርሻው ሊታወቅለት ይገባ እንደነበር አልክድም፤ ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ለወጣት ተመራማሪዎች ቢውል መልካም ነበር። ሁለቱም ሐሳብ እውነት አለው።

ክብሩ ግን አልቀረም። በ1980 ሚልስታይን በእስራኤል የሚሰጠውን የቮልፍ ሽልማት በሕክምና ዘርፍ ተቀበሉ፤ አብረዋቸው ከተሸለሙት አንዱ የቫይዝማን ኢንስቲትዩቱ ፕሮፌሰር ሊዮ ሳክስ ነበሩ። በ1984 ደግሞ ከኮህለርና ከዴንማርካዊው ኒልስ የርነ ጋር የኖቤልን ሽልማት አገኙ። ኮህለር በ1995 ገና በአርባ ስምንት ዓመቱ ሲያርፍ፣ ሚልስታይን በማርች 24 ቀን 2002 በካምብሪጅ በሰባ አራት ዓመታቸው አረፉ።

ሥራው ዛሬ የት ደረሰ?

ከሞታቸው በፊትም በኋላም ሥራው አድጓል። በ1986 የመጀመሪያው እንዲህ ያለ መድኃኒት በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የሰውን ኩላሊት የተቀበለ በሽተኛ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይጥል የሚረዳ ነበር። ነገር ግን አንቲቦዲው ሙሉ በሙሉ የአይጥ ስለነበረ የሰው አካል እንግዳ አድርጎ ይዋጋው ነበር። በዚያው በ1986 በካምብሪጁ ቤተ ሙከራ ግሬግ ዊንተር የተባሉ ሳይንቲስት፣ ከአይጡ የሚይዘውን ጫፍ ብቻ ወስደው በሰው አንቲቦዲ ላይ የሚተክሉበትን መንገድ አገኙ። እሳቸውም በ2018 የኖቤልን ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆነዋል። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተ፤ ሪቱክሲማብ በ1997 ለሊምፍ ካንሰር፣ ትራስቱዙማብ በ1998 ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር፣ አዳሊሙማብ በ2002 ለመገጣጠሚያ ብግነት ተፈቀዱ። ዛሬ ቁጥራቸው ከመቶ አልፏል።

መድኃኒት ብቻ አይደለም። ሴት ልጅ በቤቷ የምታደርገው የእርግዝና ምርመራ፣ በኮሮና ጊዜ በአፍንጫችን ያደረግነው ፈጣን ምርመራ፣ የደማችን ዓይነት የሚለይበት ጠብታ፣ እነዚህ ሁሉ በሚልስታይንና በኮህለር መንገድ በመጡ አንቲቦዲዎች የሚሠሩ ናቸው።

አንዳንድ አረጋውያን ይህ ነገር ከአይጥ ከሆነ ንጹሕ ነውን ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው የሚገባ ነው። ዛሬ አብዛኞቹ መድኃኒቶች የሚመረቱት በትላልቅ የብረት በርሜሎች ውስጥ በሚራቡ ሕዋሳት ነው፤ እየተጣራም የሚቀረው ፕሮቲኑ ብቻ ነው። የሚሰጠውም በመርፌ እንጂ በምግብ መልክ አይደለም። በዚያ ላይ ነፍስን ማዳን፣ ፒቁዋሕ ኔፌሽ፣ ምን ያህል የከበደ ትእዛዝ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ልብዎ ካልረጋ ቄስዎን ወይም ራቢዎን ይጠይቁ፤ መድኃኒቱን ግን በዝምታ አይተዉ።

ለእኛ ለይቶ የሚነገር

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ዋናው ነገር የሚከተለው ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የሚሠሩት የሰውነትን የመከላከያ ኃይል በመቀነስ ነው። ስለዚህ በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የቆየ በሽታ ሊቀሰቀስ ይችላል። ሪቱክሲማብ ተኝቶ የነበረውን ሄፓታይተስ ቢ የተባለውን የጉበት ቫይረስ ሊያስነሣ ይችላል፤ ይህም ሕይወትን እስከማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ደግሞ ተደብቆ የቆየን የሳንባ ነቀርሳ ሊያስነሡ ይችላሉ። ሁለቱም በሽታዎች ከኢትዮጵያ በመጣነው ወገኖች ዘንድ ከሌላው የአገሪቱ ነዋሪ ይልቅ በብዛት ይገኛሉ። ብዙ ሰው አንዳች ሕመም ሳይሰማው ለዓመታት ይዞት ይኖራል።

ይህ መድኃኒቱን የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ መፍትሔ አለው። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት በደም ምርመራ ይታወቃል፤ ከተገኘም መከላከያ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል። እንግዲህ ሐኪምዎ እንዲህ ያለ ሕክምና ካዘዘልዎ እነዚህን ያድርጉ። አንደኛ፣ የሄፓታይተስ ቢና የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ተደርጎልኝ ያውቃል ወይ ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ቀድሞ በኢትዮጵያም ሆነ እዚህ ከእነዚህ በሽታዎች በአንዱ ታምመው ወይም መድኃኒት ወስደው ከነበረ አይደብቁ፤ ነውር አይደለም። ሦስተኛ፣ ቋንቋው ከከበደዎት አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ሕፃን ልጅዎን የዚህን ዓይነት ነገር አስተርጓሚ አያድርጉ። አራተኛ፣ ሐኪም ሳያማክሩ መድኃኒቱን አያቋርጡ።

ውድ አንባቢ፣ በአሥራ አምስት ዓመቱ በባዕድ አገር ብቻውን የቀረ አንድ አይሁዳዊ ልጅ፣ እና የድሃ ስደተኞች ልጅ የሆነች አንዲት አስተማሪ፣ ልጃቸው ዛሬ በየሆስፒታሉ በሚንጠባጠበው ከረጢት ውስጥ እንደሚገኝ ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ያደረጉት ነገር ልጁን ትምህርት ቤት መላክ ብቻ ነው። ዛሬ ማታ ልጅዎ የቤት ሥራውን ይዞ ሲቀመጥ፣ ምንም እንኳ ዕብራይስጡን ባያነቡት፣ አጠገቡ ይቀመጡ። እርሾ በአንድ ሌሊት አይነሣም፤ የሚጠብቀው ሰው ግን ያስፈልገዋል።